ሙዝ የሌለበት ደብዳቤ

ባጃጇ ስታልፍ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ በርበሬ እለቅም ነበር። የዕድራችን ባጃጅ ነች። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮባታል፤ በጠዋት ከመጣች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ነጋሪው ከወረቀት ላይ ያነባል፦

«የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፣ የሰው ልጅ በዚህች ዓለም ላይ እንግዳ እንደመሆኑ መጠን፣ የደረሰብንን ድንገተኛና መሪር ሐዘን በጥልቅ ስሜት እየገለጽን፣ ለረጅም ዘመን በታታሪነታቸው፣ በቅን አገልጋይነታቸውና በሰው አክባሪነታቸው የሚታወቁት...»

እኔ በርበሬውን እንደያዝኩ «ማን? ማን?» እላለሁ። ባጃጇ አትቆምም። እሱም «የሚወደዱትና የሚከበሩት» እያለ ይቀጥላል። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ደረሰችና ታጠፈች። ስሙ ከጥጉ ወዲያ ቀረ።

ተነስቼ ሮጥኩ። ምሕረት፣ አትሳቂ፣ እኔ የምነግርሽን ጻፊ። ይሄን ሁሉ ዕድሜ ተሸክሜ፣ ነጠላዬን በአንድ እጄ ሰብስቤ ሮጥኩ። ጥጉ ላይ በቆሎ የምትጠብሰው ብርቄ ቁጭ ብላለች።

«ብርቄ፣ ማን ሞተ አለ?»

«እኔ እንጃ እማማ። አንድ ታታሪ ሰው ሞቷል።»

«ስም አልጠራም?»

«ጠርቷል መሰለኝ። ያኔ ግን የጭነት መኪና አለፈ።»

ልብስ ሰፊውን ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው ሲል ሰምቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልያዝኩም» አለኝ። የማን እንደሆነ ካልያዝክ ሰዓቱ ምን ያደርግልሃል? ዕድር ቤት ድረስ ሄጄ፣ ትንፋሼ ተቆርጦ ነው የሰማሁት። እትዬ በላይነሽ ናት። ታይፒስቷ። ልጅ የላት፣ እህት የላት፣ ወንድም የላት። የሚቀብራት ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ ደግሞ የሰማው አንድ ታታሪ ሰው መሞቱን ብቻ ነው። ሰዓቱ ገና አራት አልሞላም ነበር፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። እሷ ይሄን ማስታወቂያ ብትሰማው ኖሮ ከሳጥኗ ተነስታ እስክሪብቶ አምጡ ትል ነበር። ለምን እንደተናደድኩ እንዲገባሽ ሴትዮዋን ላሳይሽ።

እኔ ፊደል አላውቅም፤ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። ስሜ ተጽፎ ባየው የሰው ስም ይመስለኛል። ግን ደብዳቤ አውቃለሁ። አትገረሚ። የትኛው ቃል እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ወጥቶ እንደሚጣል አውቃለሁ። ያስተማረችኝ እሷ ናት።

አያቷ ድሮ ከሸዋ የመጡ ናቸው ይባላል። እሷ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች ናት። ወላይትኛ ትሰማለች። ስትናገረው ግን እኛን ያስቀን ነበር፣ የእኔ አማርኛ እሷን እንደሚያስቃት። እኔ የቦምቤ ገጠር ልጅ ነኝ፤ አማርኛ የተማርኩት ገበያ ላይ ቅቤ እየሸጥኩ ነው። ያኔ ወንዱን «መጣች»፣ ሴቷን «መጣ» እል ነበር።

«ታዱ፣ ባልሽን ሴት አደረግሽው እኮ!» ትለኛለች።

«እሱ ራሱ አልተቆጣም እትዬ፤ አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። በጾም ቀን ቅቤ ይዤ ስሄድ «ሰይጣን መጣች» ትለኛለች፤ ቅቤውን ግን አትመልሰውም። ለወጥ አልነበረማ የምትገዛው። ለጣቷ ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ ትንሽ ቅቤ ከእኔ ትወስድና ማታ ማታ ጣቶቿን ታሽበታለች። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተቋጥረው ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ውስጥ ታይፕ መትታለች።

«የአማርኛ ታይፕ እንደ ፈረንጅ አይደለም» ትለኛለች። «አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ፣ ሦስቴ ትመቺዋለሽ። ከሥሩ ካርቦን ተደራርቦ ካለ ደግሞ እንደ ምስማር ነው የምትመቺው። መጨረሻው መስመር ላይ ከተሳሳትሽ ቀድደሽ እንደገና ከላይ ነው የምትጀምሪው። አለቆቼ ደግሞ ‹በቃ› የሚባል ነገር አያውቁም። ይኸውልሽ፣ የሠላሳ ዓመት ትርፍ ቃል እዚህ ገብቶ ቀርቷል» ብላ መገጣጠሚያዋን ታስነካኛለች።

መንግሥት ሲለወጥ አካባቢ ጡረታ ወጣች። አሮጌ ታይፕ ገዝታ፣ ከቢሮዎቹ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። እንደ እሷ የሚጽፉ ሌሎችም ነበሩ። እነሱ ዘንድ ገና ቁጭ ስትይ ታይፑ ይንቋቋል። እሷ ግን ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና «ንገረኝ» ትላለች።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ መጣ፣ ከአረካ በኩል። ኮፍያውን አውልቆ ጀመረ። «እኔ አመልካች ከላይ በተጠቀሰው አድራሻ ነዋሪ ስሆን፣ ተከሳሽ ሕግን በመተላለፍ...»

«እንደሱ አይደለም» አለችው። «ጎረቤትህ ድስት ጥዳ አጥር ላይ ብቅ አለች። ወጡ ሊያርርባት ነው። ምን ሆንክ ብላ ጠየቀችህ። ምን ትላታለህ?»

ሰውየው ኮፍያውን በእጁ እያዞረ «ወንድሜ ድንበሬ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ቆረጠብኝ እላታለሁ» አለ።

«ለእሷ የነገርካትን ነው የምጽፈው።» ታይፑ ያኔ ነው ጠቅ ጠቅ ያለው።

ቶሎ ካልጀመረች ሰው ይቆጣል። «ምነው እትዬ፣ አትጽፊም እንዴ?» ይሏታል። «ጣቴ ገና አላመነም» ነው መልሷ።

ሌላው ደግሞ አማቹን ሊሳደብ መጣ። እሱን አልከለከለችውም። «በል» አለችውና ያለውን ሁሉ ጻፈች፤ ሌባውን፣ ውሻውን፣ ዘር ማንዘሩን። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ቄስ አነበበችለት። ሰውየው ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። «ሚስቴ ትሰማዋለች?» አለ። «የተጻፈ ነገር ማን እንደሚያነበው አይታወቅም» አለችው። አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ሄደ። በሳምንቱ ለእሷ አንድ እቅፍ የሚቀቀል ቦዬ ይዞላት መጣ። ደብዳቤውን ሳይልከው ምድጃ ውስጥ ከትቶታል።

እኔ እንዴት ገባሁበት? አንድ ቅዳሜ ቅቤዬን ይዤ ገባሁ። የጻፈችውን ወረቀት ይዛ ተኮሳትራለች።

«ታዱ፣ ቁጭ በይ። ላንብብልሽና የገባሽን ንገሪኝ።»

«እትዬ ሙች፣ እኔ ማይም ነኝ፤ ምን ይገባኛል?»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን የምጠይቅሽ። የተማረ ሰው ያልገባውን ነገር እንደገባው አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። አንቺ አትነቀንቂም።»

አነበበች። መጀመሪያው ገባኝ፣ መጨረሻው ገባኝ፤ መሃሉ ላይ ግን አንድ ለስላሳ፣ የሚያዳልጥ ነገር አለ። እንዴት ብዬ ልንገራት? የማውቀውን ተናገርኩ። «እትዬ፣ ይሄ ነገር መሃሉ ላይ ሙዝ አለበት» አልኳት።

«ምን አለበት?»

ነገርኳት። ገበያ ላይ ክፉ ሻጮች አሉ። ሙዝ ጨፍልቀው ከቅቤ ጋር ያሹታል። ከላይ ስታዪው ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሚዛን ላይም ይከብዳል። እሳት ላይ ስታደርጊው ግን አይቀልጥም፣ ከሥር ያርራል። ስለዚህ እኛ ስንጥር ወስደን መሃሉ ድረስ እንሰድና አውጥተን እናሸታለን። ሙዝ መሃል ነው የሚደበቀው።

መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ መሃሉን ሁለት መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘችና እንደገና አነበበችልኝ። ጥርት ብሎ ገባኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ደብዳቤ ታነብልኛለች። «ስንጥርሽን ስደጂ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታነበው። «ምን አልኩ?» ስትለኝ መልሼ መናገር ካልቻልኩ ቀድዳ ትጥለዋለች። «አንዴ ሰምተሽ ካልያዝሽው አልተጻፈም» ትላለች።

አሁን የጥላውን ነገር ልንገርሽ። እሱን ሳትጽፊ እንዳትነሺ።

ቅቤ ተራ ላይ ሠላሳ አንድ ሴቶች ነበርን። ቦታችን ከትልቁ ዛፍ ሥር ነው፤ ቅቤያችንን በኮባ ጠቅልለን ጥላው ላይ እንደረድራለን። አንድ ቀን የገበያ ጉዳይ ከሚመለከተው ቢሮ ሰው መጣና «ወደ አዲሱ ሜዳ ትዛወራላችሁ፣ ዘመናዊ ገበያ ሊሆን ነው» አለን። አዲሱን ሜዳ ሄደን አየነው። ሰፊ ነው፤ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ጥላ የሚባል ግን የለም። አንዲት ዛፍ የለችም። ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውታል። ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያልገዛ ሰው ለጊፋታ ይገዛል፤ እኛም ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው እሱን ነው። በመስከረም ፀሐይ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ፣ ቅቤያችን እስከ እኩለ ቀን ከኮባው ወጥቶ እንደ ውሃ ይሄድ ነበር።

«ይጻፍልን» ብለን ጋሼ ጴጥሮስ ጋ ሄድን። ጋሼ ጴጥሮስ በቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነው፤ ኋላ የዕድሩም ጸሐፊ ሆኗል። ጥሩ ሰው ነው። እጅ ጽሑፉ ጥልፍ ነው ይላሉ የሚያነቡ ሰዎች። አራት ገጽ ጻፈልን። ሲያነብልን እንባችን መጣ። ልማታዊ መንግሥታችን ይላል፣ ኮብልስቶኑ ይላል፣ የባለድርሻ አካላት ይላል፣ ብቻ ያምራል። ምን እንደጠየቅን ማናችንም አልሰማንም፤ በጣም ያምር ስለነበር ልብ አላልንም። አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን አተምን።

ከሳምንት በኋላ ሐሙስ ቀን አዳራሽ ተጠራን። ኃላፊው ተነሳ። ወጣት ነው፣ ትህትና አለው። «ልማታችንን የሚደግፉ የቅቤ ተራ እናቶች የላኩልንን የምስጋና ደብዳቤ ላንብብላችሁ» አለ። አንደኛውን ገጽ አነበበ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሁለተኛውን አነበበ። እንደገና ጭብጨባ። እኛም አጨበጨብን! ስማችን በአዳራሽ ተጠራ ብለን። አጠገቤ የምትሸጠው አስቴር ብድግ ብላ እልል አለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ኃላፊው ሰዓቱን አየና ወረቀቱን አጠፈው። «እንግዲህ በእናቶቻችን ሙሉ ድጋፍ መሠረት ሰኞ ወደ አዲሱ ሜዳ ይዛወራሉ» አለ።

እልልታው አስቴር አፍ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ዓርብ ቅጂውን ይዤ እትዬ ጋ ሮጥኩ። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። እያነበበች ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መሰለኝ፤ እየሳቀች ነው።

«ታዱ፣ እኔም ብሆን አጨበጭባለሁ! ሚስት የሚጠይቅ ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አያሞግስም።» ገለጠች፣ ገለጠች። «ቆይ፣ ይኸው አገኘሁት፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ‹ሆኖም አንዳንድ ነባራዊ ሁኔታዎች ከግምት ውስጥ ቢገቡ መልካም ነው የሚል እምነት አለን።› ነባራዊ ሁኔታ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ፀሐይ ማለት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሳቋን ቆረጠች። «ሴቶቹን ጥሪ። ቢሮ ሳይዘጋ።»

ስድስታችን ክፍሏ ውስጥ ገባን፤ ሌሎቹ መንገዱ ላይ ቆሙ፣ በመስኮት ይሰማሉ። እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «ንገሩኝ።»

አስቴር ጀመረች። «በመጀመሪያ ደረጃ የከበረ ሰላምታችንን...»

«ሙዝ» አለች እትዬ።

ጉርምርምታ ተነሳ። እኛ ወላይታዎች ሰላምታ እንወዳለን። ሰው ቤት ገብተን ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳንጠይቅ ጉዳያችንን አንናገርም። አስቴር ተቆጣች። «እትዬ፣ እኛ ባለጌ ነን እንዴ? ሰው ቤት ገብቶ ሳሮ ሳይል ይናገራል?»

አስቴር እውነቷን መሆኑ ለእትዬ ገባት። «አንቺ ስትገቢ ሳሮ በይው፣ እጁን ጨብጪው፣ እናቱ ደህና ናት ወይ በይው» አለቻት። «ይሄን አፍሽ ይሥራ። ወረቀቱ ግን ሰው ቆሞ፣ አንድ እጁ በር ላይ ሆኖ ነው የሚያነበው። ለቆመ ሰው ምን ትይዋለሽ? ምንድነው የምትፈልጉት?»

«መልካም አስተዳደር» አለች አንዷ።

«ሙዝ።»

«ፍትሕ!» አለች ሌላዋ ከመስኮቱ ውጭ።

«እሱ እንኳ ቅቤ ነው፤ ግን የትኛው ፍትሕ? በእጄ ልያዘው።»

ከዚያ ዳንጌ የምትባል ከሁላችን የምታረጅ፣ አማርኛ በደንብ የማትችል ሴት፣ በሩ ላይ ተደግፋ «ጥላ» አለች።

በቃ። ይህን ብቻ።

እትዬ እጇን ከጭኗ አነሳች። «ጣቴ አመነ» አለች። ታይፑ ጀመረ። ስትጨርስ ለእኔ አንዴ አነበበችልኝ። እኔም አንዴ ሰምቼ ይኸው እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ፦

«እኛ ሠላሳ አንድ ቅቤ ሻጮች ነን። ሰኞ ወደ አዲሱ ሜዳ ሂዱ ተብለናል። ሜዳው ላይ ጥላ የለም። ቅቤ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል። ጥላ እስኪሠራ ድረስ ከዛፉ ሥር አታንሱን።»

ይሄው ነው። ጣታችንን አተምን። አስቴር «አንድ ጥቅል ቅቤ አብረን ብንይዝለትስ?» አለች። እትዬ «ቅቤ ይዛችሁ ከገባችሁ ደብዳቤው አይነበብም፤ ቅቤው ነው የሚታየው» አለቻት።

ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አገኘነው፤ ቁልፍ በእጁ ይዟል፣ ሊወጣ ነው። አስቴር ሰላምታዋን አንድም ሳታስቀር ጨረሰች፤ እናቱን፣ ልጆቹን፣ የእናቱን ጉልበት ሳይቀር ጠየቀች። እኔ ወረቀቱን ሰጠሁት። እንደቆመ አነበበው። ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው ልጄ።»

«ጥላ የለም ያለኝ ሰው እኮ የለም!»

«እኛማ ሦስተኛው ገጽ ላይ ብለን ነበር» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ከዚያ፣ ወዶ አይደለም፣ ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ የትናንቱ ምስጋናስ?»

«ጥላውን ስትሠሩ እናመጣለን።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አዲሱ ሜዳ ላይ ብቻውን፣ ጃኬቱን ራሱ ላይ አድርጎ ቆሞ ያዩት አሉ። ሰኞ የሚያነሳን አልመጣም። ጊፋታን ከዛፉ ሥር ሸጥን። የቆርቆሮ ጥላው የተሠራው በዓመቱ ነው፤ ያኔ በፈቃዳችን ሄድን። ቃል ቃል ነው ብለን እትዬ ጋ ሄደን ምስጋናም አስጻፍን፦ «ጥላው ተሠራ። ቅቤው አልቀለጠም። እግዚአብሔር ይስጥልን።» ኃላፊው ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ቀድሞ የተለጠፈውን የጋሼን ባለ አራት ገጽ አንስቶ ነው የለጠፈው። ጋሼ ለእትዬ ሁለት ወር ሰላምታ ነስቷታል። እሷም አልለመነችውም። ጉድለቷ ይሄ ነበር፤ ቃል ስትቆጥብ ፍቅርም አብራ ትቆጥባለች። ልጄ በሞተ ጊዜ ሁሉ ሰው መጥቶ ብዙ ብዙ ሲለኝ፣ እሷ ገብታ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ «ታዱ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከዚያ ቀን የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

በኋላ ኮምፒዩተር መጣ። ፊት ለፊቷ ወጣቶች ሱቅ ከፈቱ። የአንዱን ሰው ማመልከቻ ስሙን ቀይረው ለሌላው ይሰጡታል፤ ረጅም ነው፣ ያምራል፤ ሰውም ረጅም ሲሆን ደስ ይለዋል። እሷ ጋ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። «ሙዝ በመኪና መምጣት ጀመረ» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ጣቶቿ ፈጽመው እምቢ አሉ። ተኛች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ጣቶቿን በቅቤ አሽላታለሁ።

መጨረሻ ያየኋት ጊዜ «ታዱ፣ የእኔን ማስታወቂያ ጴጥሮስ ነው አይደል የሚጽፈው?» አለችኝ።

«ኧረ ተይ እትዬ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

«አልቸኮልኩም። ስንጥርሽን እንድትሰጂበት ነው።»

«እሰዳለሁ» አልኳት። ቃሌ ነበር።

እንግዲህ ያን ጠዋት ዕድር ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ፣ ያስታወስኩት ይሄን ነው። ሳልደርስበት ባጃጇ ወጥታለች። ጋሼ ጴጥሮስ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጸጉሩ ጥጥ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን ማንም አልሰማም።»

«እንዴት? ሁለት ሙሉ ገጽ እኮ ነው! ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ነው የጻፍኩት።»

«ብርቄ አንድ ታታሪ ሰው ሞተ ነው የምትለው። ሰው አይመጣም ጋሼ። በሁለት ቄስና በአራት ሰው ልትቀበር ነው።»

ተቆጣ። «ታደለች፣ እሷ እኮ ተራ ሰው አልነበረችም! ያለኝን ጥሩ ቃል ሁሉ ለእሷ አወጣሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግላት?»

ያኔ ገባኝ። እሱም ይወዳት ነበር ለካ። እኔም ቁጣዬ ወረደ፤ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

«ጋሼ፣ ጎረቤትህ ድስት ጥዳ አጥር ላይ ብቅ አለች። ወጡ ሊያርርባት ነው። ጋሼ ምን ሆንክ ብላ ጠየቀችህ። ምን ትላታለህ?»

አየኝ። የማን ንግግር እንደሆነ አውቋል። ከዚያ «በላይነሽ ሞተች» አለ። መነጽሩን አወለቀ። «ታደለች፣ እንደሱ ስለው እኮ ያመኛል» አለኝ።

«ጻፈው» አልኩት።

ጻፈ። በዚያ እንደ ጥልፍ በሚያምር እጁ ጻፈው። እኔ አልኩት፣ እሱ ጻፈ፣ አንዴ አነበበልኝ፣ መልሼ ተናገርኩት። ነጋሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው።

«ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው ልጄ። ጥግ ላይ ሳትደርስ ደጋግመህ ትለዋለህ።»

ባጃጇ ተነሳች። እኔ ዕድር ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ጋሼ ከኋላዬ ነው። «በላይነሽ ሞተች። ታይፒስቷ በላይነሽ። ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጅ የላትም፤ ኑ።» አንዴ አለው። ሁለቴ አለው። ብርቄ ከበቆሎዋ ተነስታ ቆመች፤ እዚያ ድረስ ይታየኛል። ሦስቴ አለውና፣ የሚያነበው ስለሌለው፣ እስከ ጥጉ ድረስ ዝም ብሎ ሄደ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የአንድ ግቢ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ሌላ በር። ከዚያ ሌላ።